የግሪክ ደሴቶችን በኪራይ ጀልባ ለመዞር ካሰባችሁ

ከደሴቶቹ በፊት ወሩን ምረጡ። በጁላይና በኦገስት ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ለቀናት ሊነፍስ ስለሚችል፣ በዚያ ወቅት ሚኮኖስና ፓሮስ ያሉበትን የሲክላዲስ ደሴቶች ለጀማሪ በፍጹም አልመክርም። ጁን ወይም ሴፕቴምበር ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከአቴንስ አሊሞስ ማሪና (የጀልባዎች ማቆሚያ ወደብ) ተነስታችሁ ወደ ሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ሂዱ፤ ኤጂና፣ ፖሮስና ሃይድራ ቅርብ ለቅርብ ናቸው።

ራሳችሁ ልትነዱ ከሆነ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ትጠየቃላችሁ፣ ሌላ ልምድ ያለው ሰውም አብሯችሁ መኖር አለበት። ካልሆነ ካፒቴን ቅጠሩ፤ ምግቡና መኝታው ግን በእናንተ ነው።

ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሲሆን ጀልባዋ ዓርብ ማታ እንድትመለስ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ሐሙስን ሩቅ ቦታ አትደሩ። ስትረከቡ አትቸኩሉ። መልህቁን አውርዳችሁ አውጡት፣ የትንሿን የጎማ ጀልባ ሞተር አስነሱ፣ እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ አንሱ፤ አለበለዚያ መያዣ ያስቀመጣችሁት ብር ላይ ጭቅጭቅ ይመጣል።

ዋናው ፈተና ወደብ ላይ ነው። መልህቁን ከፊት ትጥሉና ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ የጀልባዋን ጀርባ በሁለት ገመድ መሬት ላይ ታስራላችሁ። መኪና የማይነዳባት፣ ዕቃ በበቅሎ የሚጫንባት ሃይድራ በጣም ደስ ትላለች፤ ወደቧ ግን ጠባብ ስለሆነ መልህቅ ከመልህቅ ይጠላለፋል። እዚያ ከምሳ ሰዓት በፊት ግቡ።