ጋትስቢን ስታነቡ እንዳትሸወዱ

አሜሪካዊው ደራሲ ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመውን «ታላቁ ጋትስቢ» የተሰኘ ልብ ወለድ መጀመሪያ ሳነብ ድግሱ አሰከረኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ሻምፓኙና ሙዚቃው ያማልላል፤ ፊልሞቹም አባብሰውታል። ግን እንግዶቹን ልብ በሉ። አብዛኞቹ ሳይጠሩ የመጡ ናቸው። መጠጡን እየጨለጡ «ሰው ገድሏል አሉ» እያሉ የድግሱን ባለቤት ጋትስቢን ያሙታል። ሲቀበርስ ስንት ሰው መጣ? ቄሱን ሳንቆጥር ተራኪው ኒክ፣ የሟች አባት፣ ጥቂት አገልጋዮች፣ ፖስተኛውና አንድ ባለመነጽር ሰውዬ።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል፤ የጋትስቢን ገንዘብ ብቻ ቆሻሻ ማድረግ። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን በመድኃኒት ቤት ሽፋን አልኮል ቸብችቧል፣ እሱ አይካድም። የሰሜን ዳኮታው ድሃ ልጅ ጄምስ ጋትዝ ስሙን ሳይቀር ወደ ጋትስቢ ቀይሯል። ቶም ቡካነንን ግን እዩት። ሀብቱ የዘር ስለሆነ ከየት አመጣኸው የሚለው የለም። በሚስቱ በዴዚ ላይ ይማግጣል፤ የውሽማውን የሜርትልን አፍንጫ በጥፊ ይሰብራል። ዴዚ በጋትስቢ መኪና ሜርትልን ገጭታ ስትገድል ጥፋቱን የሚያፈቅራት ጋትስቢ ሊሸከምላት ይነሳል። ቶም ደግሞ መኪናው የማን እንደሆነ ለሟቿ ባል ይጠቁማል። ባልየው ጋትስቢን ገድሎ ራሱን ያጠፋል። ቶምና ዴዚስ? ሻንጣቸውን ይዘው ውልቅ! አዲሱ ሀብታም በነፍሱ ከፈለ፤ የጥንቶቹ ሀብታሞች ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፈሉም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኒክንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። ሐቀኛ ነኝ ይላል። ግን ዴዚ ዘመዱ ናት፤ ከጋትስቢ ጋር ያገናኛት በራሱ ቤት ነው። መኪናውን ማን እንደነዳ እያወቀም አፉን ይዘጋል። በኋላ ቶምን መንገድ ላይ ሲያገኘው መጀመሪያ እጄን አልሰጥም ብሎ፣ ሲለያዩ ይጨብጠዋል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ በጥድፊያ የሚጨርሱም አሉ። እዚያ የጋትስቢ አባት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ያወጣሉ። ጀርባው ላይ ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1906 የጻፈው የቀን ፕሮግራም አለ፦ 12 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ጥናት። በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞ 3 አድርጎታል። የመጨረሻው መስመር ለወላጆቹ የተሻለ ልጅ ስለመሆን ነው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ መጽሐፉን ለመዝጋት እጃቸው እምቢ ይላል።