ታይፔ 101ን ሲጎበኙ ኳሱን ሳያዩ አይውረዱ

የታይዋኑ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ታይፔ 101 ቁመቱ 508 ሜትር ነው፤ የቆመውም የምድር መንቀጥቀጥና ታይፉን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በሚመላለሱበት ከተማ ነው። ብዙ ጎብኚ በመስታወቱ ከተማውን አይቶ ይወርዳል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከጀርባው ነው፦ ነፋስ ሕንፃውን ሲያወዛውዘው የሚያረጋጋው ግዙፍ የብረት ኳስ።

1. ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቀና ብለው ጫፉን ይዩ። ደመና ከዋጠው ከላይም ጉም ብቻ ነው የሚታይዎት። ሰዓትም ይጠንቀቁ፦ ቲኬቱ ላይ 17:00 ካለ በእኛ 11 ሰዓት ማለት ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀውም በዚያው ገደማ ነው።

2. ከታይፔ ዋና ጣቢያ በሜትሮው ቀይ መስመር ወደ ሺያንግሻን (Xiangshan) የሚሄደውን ይያዙና ሰባተኛው ፌርማታ ላይ ይውረዱ። መድረሻው ዳአን የሆነ ባቡር ሁለት ፌርማታ ሲቀር ያራግፍዎታል። መውጫ 4 ሕንፃው ሥር ያደርሳል።

3. ሊፍቱ የሚነሣው ከ5ኛ ፎቅ ነው። እዚያ 1ኛ ፎቅ የሚሉት እኛ ምድር የምንለውን ስለሆነ አይሳሳቱ። 89ኛ ፎቅ የሚደርሰው በ37 ሰከንድ ነው፤ ጆሮዎ ከተደፈነ ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ።

4. አሁን ጀርባዎን ለመስታወቱ ሰጥተው ወደ ሕንፃው መሐል ይሂዱ። በወፋፍራም የብረት ገመዶች የተንጠለጠለው ወርቃማ ኳስ 660 ቶን ይመዝናል። ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 5.5 ሜትር ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ድፍን አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 12.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍሩ 41 የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው የተሠራ ስለሆነ ጎኑ እንደ ደረጃ ነው። ከሥሩ ያሉትን 8 ማርገቢያዎች ይፈልጉ፤ ሥራቸው ከመኪና አሞርዛተር ጋር አንድ ነው። ነፋስ ሕንፃውን ሲገፋው ኳሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመካከል የሚፈጠረውን ጉልበት እነዚህ ውጠው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በአዘቦት ቀን ሲንቀሳቀስ አያዩትም፤ ነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. በነበረው ታይፉን ግን 1 ሜትር ያህል ተወዛውዟል።

ኳሱ ሕንፃውን ከመንቀጥቀጥ ያድነዋል የሚባለው ግን የተጋነነ ነው። በዋናነት የተሠራው ለነፋስ ነው። መንቀጥቀጡን የሚችሉት 8ቱ ግዙፍ ዓምዶችና እንደ ልብ የሚተጣጠፈው የብረት አጥንቱ ናቸው።

5. 91ኛው ፎቅ ክፍት ሰገነት ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል። ክፍት ከሆነ ቀድመው ይውጡ፣ ኮፍያዎንም ያውልቁ። በመስታወት በኩል ፎቶ ሲያነሡ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ አለበለዚያ የክፍሉ መብራት ያንጸባርቃል።

ላይ ሳሉ ምድር ከተንቀጠቀጠች ወደ ሊፍቱ አይሩጡ። ከመስታወቱ ራቅ ብለው ዝቅ ይበሉ፣ ራስዎን ይሸፍኑና ሠራተኞቹ የሚሉትን ይጠብቁ።