ማውሱ በማን እጅ ነው? ጎንደር ውስጥ የሴቶች የኮምፒውተር ቡድን ለመጀመር

ተማሪ እያለሁ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ነበር የምንጠቀመው። ሦስት ወንዶችና እኔ። ማውሱ ሁልጊዜ እነሱ ጋር ነው። እኔ ደግሞ «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ ደብተር ያዥ ሆንኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ማንም ውጪ አላለኝም። ግን የፈተና ቀን ብቻዬን ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ እጄ የት እንደሚሄድ ጠፋው። ሁሉንም በቃል አውቀዋለሁ፣ በእጄ ግን አንዱንም ሠርቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ጎንደር ውስጥ አምስት ስድስት ሴቶችን ሰብስበሽ ኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ ልትጀምሪ ካሰብሽ፣ መጀመሪያ የምነግርሽ ስለ ኮድ አይደለም። ስለ እጅ ነው። ወንዱ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ሲነካካ፣ ሲያበላሽ፣ ሲያስተካክል አድጓል። እሷ በበሩ በኩል አልፋ ወደ ወፍጮ ቤት ነው የምትሄደው። አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው አብረው ክፍል ሲገቡ እሱ ፈጣን፣ እሷ ቀርፋፋ ትመስላለች። ልዩነቱ የጭንቅላት አይደለም፣ የመነካካት ነው።

ቀኑን በደንብ አስቢበት። ቅዳሜ አይሆንም። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ እንጀራ መጋገር አለ፣ ይህ ሁሉ ደግሞ የሚወድቀው ልጅቷ ላይ ነው። እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ምሳ ተበልቶ ቡናው ሲያበቃ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ሙስሊም እህቶችሽን የሶላት ሰዓታቸውን ጠይቂና እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጊው። 10 ተኩል ካልሽ ደግሞ 10 ተኩል ነው። ከአዘዞ የምትመጣዋ ሳይመሽ ቤቷ መድረስ አለባት። አንድ ቀን ካመሸች በሚቀጥለው ሳምንት አትላክም። የጥምቀትን ሳምንት ዝለዪው፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ሁሉም ሴት ጓዳ ናት።

እናቶቹን ራስሽ ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪ። በስልክ አይሆንም። «ወንድ አለበት? ስንት ሰዓት ትመለሳለች? ገንዘብ ይጠየቃል?» ይሉሻል፤ ሁሉንም እውነቱን ንገሪያቸው፣ ቦታውንም መጥተው ይዩት። አንዲት እናት «ስልክ ላይ አፍጥጣ ልትውል ነው እንጂ ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ቆይ ላሳይዎት» ብዬ ከቦርሳዬ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አወጣሁ፤ ልጃቸው ሽቦውን ሰካች፣ ቦርዱ ላይ የተሰካችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። አንዴ መብራቷን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አልቀረችም።

ይህን የምልሽ የመጀመሪያውን ቀን በዚያችው መብራት እንድትጀምሪ ነው። የሚያስፈልግሽ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ፣ አንድ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት)፣ ከረንት የሚቀንስ 220 ኦም ሬዚስተር፣ ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ብሬድቦርድና ጥቂት ሽቦ ነው። እዚህ ካጣሽው ከአዲስ አበባ ሰው ያምጣልሽ። ኤልኢዲው ሁለት እግር አለው፣ ረጅሙ ፖዘቲቭ ነው። ከፒን 13 የወጣው ሽቦ በሬዚስተሩ በኩል ወደ ረጅሙ እግር ይሄዳል፣ አጭሩ ጂኤንዲ የሚለው ላይ ይሰካል። ሬዚስተሩን እንዳትዘነጊ፣ ያለሱ ከረንቱ በዝቶ ኤልኢዲው ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ ቦርዱን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ፣ ላፕቶፑ ላይ የአርዱይኖን ፕሮግራም ክፈቺ፤ ፋይል፣ ኤግዛምፕልስ፣ ቤዚክስ፣ ብሊንክ ብለሽ ክፈቺና ወደ ቦርዱ ላኪው። መብራቷ አንድ ሴኮንድ ትበራለች፣ አንድ ሴኮንድ ትጠፋለች። ኮዱ ውስጥ «ዲሌይ» ከሚለው ጎን 1000 ተጽፏል፣ 1000 ሚሊሴኮንድ ማለት ነው። ልጅቷ 1000ውን አጥፍታ 200 ትጻፍበት። ራሷ በቀየረችው ቁጥር መብራቷ ስትፈጥን ፊቷን እዪው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ሕግ። በአፍሽ ምሪ፣ በእጅሽ አትንኪ። አንዷ ኤልኢዲውን ገልብጣ ትሰካዋለች፣ አይበራም፣ ትጨነቃለች። አንቺ ደግሞ በሁለት ሴኮንድ ልታስተካክዪላት ትችያለሽ። አታድርጊው። «ረጅሙ እግር የቱ ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። ሁለት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ላይ ከተቀመጡ በየ10 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ፣ ሰዓቱን በስልክሽ ያዢ። ደብተር ያዥ የሚባል ሥራ አይኑር። ሁሉም የራሷን ትጽፋለች።

መብራትና ኔትወርክ እንደሚጠፋ ቆጥረሽ ተነሺ። ላፕቶፖቹ ቅዳሜ ማታ ቻርጅ ይደረጉ። ስክራች የሚባለውን ለጀማሪ የሚሆን ፕሮግራም አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ቀድመሽ ያወረድሽውን ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብብሻል። ላፕቶፑም ሲዘጋ ከስልክ ጠጋኝ የተበላሸ ማውስ ለምነሽ አምጪና በካቻቢቴ ይፍቱት።

እየፈቱ ታሪክ ንገሪያቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1843 እንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሰው ኤዳ ሎቭሌስ ገና ላልተሠራ ማሽን የስሌት ቅደም ተከተል ጽፋ እንዳሳተመች። በ1946 ለሕዝብ የታየውን ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች እንደነበሩ። ከፍኖተ ሰላም ተነስታ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ የሆነችው ሰገነት ቀለሙ በ2014 የሎሬያልና ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት እንዳገኘች። የኔ ልጆች ግን ከሁሉም በላይ የተከራከሩበት የትምኒት ገብሩ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ተመራማሪ ትምኒት በ2018 ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር ፊት አይተው ወንድ ወይስ ሴት እንደሆነ የሚለዩ የኩባንያ ፕሮግራሞችን ፈተኑ። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። አንዷ «እኛን ሳያዩ ነው የሠሩት ማለት ነው?» አለች። አዎ፣ ፕሮግራሞቹ የሚማሩባቸው ፎቶዎች ውስጥ የእኛን የሚመስል ፊት ጥቂት ሲሆን እንዲህ ይሆናል።

ከቡድኑ ውጭ የሚገጥማቸውንም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቴሌግራም ላይ የፕሮግራሚንግ ግሩፕ ገብተሽ በሴት ስም ስትጠይቂ፣ ከመልሱ በፊት ኢንቦክስሽ ላይ «ሃይ ቆንጆ» ይመጣል። እኔ ሁለት ዓመት ያህል በወንድ ስም ነበር የምጠይቀው። ጥያቄው ያው ነው፣ መልሱ ግን በቶሎና በአክብሮት ይመጣ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ልጆችሽ ስማቸውን እንዲደብቁ አልፈልግም፣ ስልክ ቁጥራቸውን ግን ይደብቁ። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ከፍተው ፎን ነምበርን «ኖባዲ» ያድርጉት፣ ግሩፕ የሚጨምራቸውን ደግሞ «ማይ ኮንታክትስ» ላይ ይገድቡት። የሚያስቸግር ሰው ከመጣ ብሎክ ከማድረጋቸው በፊት ስክሪንሹት አንስተው ለአንቺ ይላኩልሽ። ብቻቸውን አይያዙት።

«ወንድሜም ይምጣ?» የምትል አትጠፋም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይምጣ፣ ይህን ያለ ይሉኝታ ንገሪያት። ከዚያ በኋላ መምጣት ይችላል፣ የ10 ደቂቃው ሕግ ለሱም ይሠራል። ሦስት ወር ሲሞላ ከልጆቹ ሁለቱን ምረጪና የሚቀጥሉትን አዲስ ልጆች እነሱ ያስተምሩ። አንቺ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ልትረጃት እጅሽን ስትዘረጊ አንዷ «ቆይ፣ አትንኪብኝ» ካለችሽ፣ እጅሽን መልሺ።