የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ለተማሪ ለማስረዳት ከየት ልጀምር ለምትሉ

እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ታሪክ አስጠናለሁ፣ እና ከሁሉም ያስቸገረኝ ይሄ ርዕስ ነበር። ከባድ ሆኖ አይደለም። ገና "መገንጠል" የምትለዋን ቃል ስትጠሩ የልጆቹ ሀሳብ ወደራሳችን ሀገር ይሄዳል፣ አንዱ አንቀጽ 39ን ያነሳል ሌላው ይመልስለታል፣ የሰሞኑ ወሬ ይከተላል፣ በቃ ሰዓቱ አለቀ፣ ስለ ባርነት አንድ ቃል ሳይወራ። አልፈርድባቸውም፣ ቃሉ እኛ ጋ ቁስል ነው። ግን የአሜሪካው ጦርነት ባርነት ተዘሎ አይገባም፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት።

መጀመሪያ በጥጥ ጀምሩ። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ ያልተዳመጠ ጥጥ ትንሽ ግዙና ለየልጁ አንድ አንድ እፍኝ ስጡት፣ ፍሬውን በጣቱ ይልቀም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይሰለቻል፣ እናቱ ወይ አያቱ ስትዳምጥ ያየም ካለ መዳመጫውን ያነሳል። እዛ ላይ ንገሩት፦ 1793 እ.ኤ.አ ኤሊ ዊትኒ የሚባል ሰው ፍሬውን የሚለይ ማሽን ሰራ፣ መዳመጡ ቀለለ፣ ግን ከማሳ የሚለቅመው አሁንም የሰው እጅ ነው፣ ስለዚህ የደቡብ ስቴቶች ባለ እርሻዎች ጥጥ ባስፋፉ ቁጥር ተጨማሪ ባሪያ ፈለጉ። 1790 ላይ 700,000 ገደማ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ፣ ያኔ የሀገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላ 31 ሚሊዮን አካባቢ ነው። እፍኝ ጥጥ ይዞ ይሄን የሰማ ልጅ ባለ እርሻዎቹ ምን እንዳይቀርባቸው እንደፈሩ ለመረዳት አይቸገርም።

ቀጥሎ ካርታ። የካርቶን ጀርባ ይበቃል፣ ሦስት ቀለም ብቻ ያዙ። አንዱ ጦርነቱን የከፈተው መድፍ ሳይተኮስ ከሀገሪቱ ተገንጥለው ለወጡት 7 የደቡብ ስቴቶች፣ ሁለተኛው ከተተኮሰ በኋላ ለተቀላቀሉት 4 (ቨርጂኒያ፣ አርካንሶ፣ ቴነሲ፣ ኖርዝ ካሮላይና)፣ ሦስተኛው ባርነት እያለባቸው ሳይወጡ ለቀሩት ለሚዙሪ፣ ለኬንታኪ፣ ለሜሪላንድና ለዴላዌር። ሦስተኛውን ቀለም እንዳትዘሉት፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ዘመን ላይ ልጆች ሁሌ ይምታታባቸዋል፣ ወደኛ አቆጣጠር ስታመጡት ግን ይቀላል። ሊንከን ፕሬዝዳንት ሆኖ የተመረጠው ኖቬምበር 1860፣ ሳውዝ ካሮላይና የወጣችው ዲሴምበር 1860፣ ፎርት ሰምተር የሚባለው ምሽግ ላይ ተተኩሶ ጦርነቱ የተጀመረው ኤፕሪል 1861 ነው፣ በኛ ግን ሦስቱም 1853 ዓ.ም ውስጥ ናቸው። ያለቀው 1857 ዓ.ም። ፒያሳ ሐውልታቸው የቆመው አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት 1847፣ መቅደላ ላይ የሞቱት 1860 ነው፣ ስለዚህ ጦርነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሳቸው እያሉ ተጀምሮ አለቀ ማለት ነው፣ ይሄን አንዴ ከነገራችኋቸው ዘመኑን አይረሱትም።

አሁን ነው መገንጠል የሚመጣው። "የስቴቶች መብት ነው እንጂ ባርነት አይደለም" የሚል ልጅ አይጠፋም፣ ሞባይሉ ላይ አይቶት ይሆናል። አትቆጡት፣ የወጡት ሰዎች ራሳቸው ያሉትን አሳዩት። ሚሲሲፒ ስትወጣ ባወጣችው መግለጫ አቋማችን ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ ነው ብላለች፣ የወጡት ስቴቶች ያቋቋሙት መንግሥት ምክትል ፕሬዝዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ደግሞ ማርች 1861 ሳቫና ላይ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከዛ የ1850ውን ሕግ ጨምሩ፦ ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ቢገባም ተይዞ እንዲመለስ የፌዴራል መንግሥት ያስገድድ ነበር፣ የሰሜን ስቴቶች እምቢ ሲሉ የከሰሱት ደቡቦቹ ናቸው። ታዲያ ያኔ የስቴት መብት የት ነበር ብላችሁ ጠይቁትና ራሱ ይመልስ፣ እናንተ አትመልሱለት።

ሊንከንን ቅዱስ አታድርጉት። ሲጀመር ባርነት ባለበት አልነካውም፣ እንዳይስፋፋ ነው የምፈልገው ሲል ነበር። ጃንዋሪ 1, 1863 ያወጀው ነፃነትም ያመፁት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ቀለም ያለባቸው አራቱ አልተካተቱም፣ ያኔ ካርታው ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ባርነት በሕግ ከመላው ሀገር የቀረው ዲሴምበር 1865 በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

ውጊያዎቹን በፍጥነት እለፉ። አንቲተም ላይ በአንድ ቀን 23,000 ገደማ ሰው መሞቱን፣ መቁሰሉን ወይ መጥፋቱን፣ ጌቲስበርግን፣ የደቡቦቹን ጦር መሪ የሊን እጅ መስጠት፣ በጠቅላላው ከ620,000 እስከ 750,000 ሰው እንደሞተ የሚገመት መሆኑን፣ ይበቃል። እኛ ሀገር ልጆች ጦርነት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም፣ እዛ ላይ ከቆያችሁ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ታያላችሁ።

የተረፈውን ጊዜ ለባሪያዎቹ ስጡት። አንዲት ልጅ "እነሱስ ዝም ብለው ነው የጠበቁት?" ብላ ጠየቀችኝና ከዛ ወዲህ ሮበርት ስሞልስን ሳልነግር አላልፍም። ቻርለስተን ወደብ ላይ ፕላንተር በምትባል መርከብ የሚሰራ ባሪያ ነው፣ ሜይ 1862 አንድ ሌሊት ነጮቹ መኮንኖች ወደ ከተማ ሲወጡ የካፒቴኑን የሳር ባርኔጣ አጥልቆ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ፣ ትክክለኛውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ በዛው ጦርነቱ በተጀመረበት በፎርት ሰምተር ስር አለፈ፣ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎም መርከቧን ለሰሜኖቹ አስረከበ። ከሱ ቀጥሎ 180,000 ገደማ ጥቁር ወታደር በሰሜን ጦር ተሰልፎ እንደተዋጋ፣ መጀመሪያ ላይ ደሞዛቸው ከነጩ ያነሰ እንደነበርም ንገሯቸው።

ወደራሳችን የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ከሰዓቱ አስራ አምስት ደቂቃ አስቀሩለት። መገንጠልን ሳይሆን መጀመሪያ ባርነትን አንሱ፦ እኛም ጋ ሰው ይሸጥ እንደነበር፣ በአዋጅ የተከለከለው 1934 ዓ.ም እንደሆነ፣ ስድቡ ግን እስከዛሬ በግቢያችን እንዳለ። የኔ ልጆች ይሄን ሲሰሙ ዝም አሉ፣ ከዛ አንዱ ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚሰደብበት ስም ሳይጠራ ተናገረ።

ካርቶኑን ደግሞ አትጣሉት፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያስፈልጋል፣ ስሞልስ ተመልሶ የቀድሞ ጌታውን ቤት ገዝቶ ኮንግረስ የሚገባው እዛ ላይ ነው።