የጋራ ቆጣሪ ያስነሣውን የመብራት ሒሳብ ጥያቄ እንዴት እንደፈታሁት

የቤት ወጪዬን ለማቃለል የኋላ ክፍሎቹን ካከራየሁ በኋላ ከኪራዩ ይልቅ ያስቸገረን የመብራት ሒሳብ ነበር። ቆጣሪው አንድ በመሆኑ ክፍያውን በሰው ቁጥር እንካፈል ነበር፤ ይህም ማናችንንም አላረካም። ፍጆታን የሚወስነው ከሰው ብዛት ይልቅ የሚሠራበት ዕቃ ነውና፤ 2,000 ዋት የሚስብ ምድጃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል የሚጨርሰው በ200 ሰዓት ነው።

መፍትሔ የሆነው ወደ ተከራዩት ክፍሎች በሚሄደው መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገጠም ነው። የተገጠመው ሁላችንም ልናየው በምንችልበት በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ወር ሲያልቅ ንባቡን አብረን እንወስዳለን፤ ተከራዬም በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። ከዚያም የወሩን ጠቅላላ ሒሳብ በዋናው ቆጣሪ ላይ ለተመዘገበው ኪሎዋት ሰዓት አካፍለን፣ የተገኘውን ዋጋ ንዑስ ቆጣሪው በወሩ ባሳየው ፍጆታ እናባዛለን። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚንር ቢሆን እንኳ ጭማሪው ለሁለቱም ወገን እንደየድርሻው ይደርሳል።

የደጅና የመተላለፊያ መብራት በእኔ በኩል እንዲቆጠር ያደረግሁት አስቤበት ነው፤ የጋራ ብርሃን ከተከራይ ኪስ ሊወጣ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ስሌቱን ከመነሻ ንባቡ ጋር በውሉ አባሪ ላይ አስፍረን ሁለታችንም ፈርመንበታል።