በአስኳል ብርሃን የሴል ትራንስፖርት ጂን እንዴት ይታደናል

ሴል ውስጥ ፕሮቲን ዝም ብሎ አይንሳፈፍም፣ በሜምብሬን ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚመላለሰው። ይሄን የሚያስኬዱትን ጂኖች ማየት ከፈለጋችሁ ሲ ኤሌጋንስን የሚያህል የለም፤ 1 ሚሊ ሜትር የምታክል ትል ናት ግን ገላዋ እንደ ብርጭቆ ስለሆነ ሳትቀዷት ውስጧን ታያላችሁ።

አስኳሏን አንጀቷ ይሰራና ወደ ሰውነቷ ክፍተት ይለቀዋል፣ እያደጉ ያሉት እንቁላሎች ደሞ አርኤምኢ-2 በሚባል ተቀባይ ይዘው ይውጡታል። ተመራማሪዎቹ ግራንትና ኸርሽ በ1999 ባወጡት ስራ አስኳሉ ላይ ጂኤፍፒ የሚባል አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ቀጠሉበት፣ በቃ ጤነኛዋ ላይ እንቁላሎቹ አረንጓዴ ያበራሉ፣ መዋጥ ያቃታት ላይ ግን እንቁላሎቹ ጨልመው ብርሃኑ ክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ወደ ስራው። የምታጠፉትን ጂን ድርብ አርኤንኤ የሚሰራ ኤችቲ115 የሚባል ባክቴሪያ 1 ሚሊሞላር አይፒቲጂ (ባክቴሪያው አርኤንኤውን እንዲሰራ የሚቀሰቅሰው ኬሚካል) ያለው ፕሌት ላይ አፍስሱና አሳድሩት፣ ትሏ ባክቴሪያውን ስትበላ ጂኑ ይጠፋባታል። በማግስቱ ኤል4 (ለአቅመ እንቁላል ከመድረሷ በፊት ያለው የመጨረሻ የእጭ ደረጃ) ላይ ያሉ ትሎች ልቀሙበት፣ ሆዷ መሀል ላይ ነጭ ግማሽ ጨረቃ ካያችሁ እሷ ናት። ከዛ በፊት አትጀምሩ፣ እንደ ክላትሪን (የሜምብሬኑን ከረጢት የሚቀርጸው ፕሮቲን) ያለው ጂን ለመኖርም ስለሚያስፈልግ ከልጅነቷ ካጠፋችሁባት አድጋ እንቁላል ላታሳያችሁ ትችላለች። 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ከዛ አጋሮስ በሚባል ጄል ላይ አድርጋችሁ በሌቫሚሶል አደንዝዟት (አዎ ያው ለበግና ለከብት ትል የሚሰጠው መድኃኒት ነው)።

ሁሌም ሁለት ፕሌት ጨምሩ፣ አንዱ ምንም ጂን የማያጠፋ ባዶ ኤል4440 ፕላስሚድ (የባክቴሪያ ክብ ዲኤንኤ) የያዘ ባክቴሪያ ያለው፣ አንዱ አርኤምኢ-2ን የሚያጠፋ። እኔ አንዴ ሳምንት ሙሉ "ይሄ ጂን ምንም አይሰራም" ስል ከርሜ በኋላ አርኤምኢ-2ን ሳይ የሷም እንቁላሎች ቦግ ብለው ያበራሉ፣ ለካ አይፒቲጂው አርጅቷል! አንጀቷ ደሞ በራሱ ያበራልና እንዳይሸውዳችሁ፣ ጂኤፍፒ የሌላትን ትል አጠገቧ አድርጋችሁ አስተያዩ።

እንቁላሎቹ ደብዘዝ ብቻ ካሉ ቶሎ አትጣሏት። አርኤምኢ-1 እንደዛ ነው፣ ስራው የተዋጠውን ተቀባይ ወደ ሴሉ ገጽ መመለስ ስለሆነ እሱ ሲጠፋ መዋጡ ይዳከማል እንጂ ጭራሽ አይቆምም። እንደዚህ ሲገጥማችሁ አንጀቷንም እዩት፣ አርኤምኢ-1 የጠፋባት ትል አንጀት ሳሙና የተመታበት ይመስል በትላልቅ አረፋ ይሞላል፣ እሱን ደሞ ያለ ጂኤፍፒም በተራ ብርሃን ታገኙታላችሁ።