የመጀመሪያ የዓሣ ገንዳ፦ ገንዳው ሳይደርስ ዓሣ አይግባ

አዲስ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሞት ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ግን የራሱ ቆሻሻ ነው። ዓሣ ያለማቋረጥ አሞኒያ ወደ ውኃው ይለቃል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። አሞኒያና ናይትራይት በትንሽ መጠንም ይገድላሉ፤ ናይትሬትን ግን ዓሣው በመጠኑ ይችለዋል፣ ውኃ ሲቀየርም ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተራብተው እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ዕቃውን ዛሬ፣ ዓሣውን ከወር በኋላ ይግዙ።

ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀላል የሚባለው ስሕተት ነው። በ15 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሞተ ዓሣ ሁሉንም ይመርዛል፤ በ60 ሊትር ውስጥ ግን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ጥሩ መነሻ ነው። ሲሞላ ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ተራ መደርደሪያ አይችለውም። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ ጠንካራና ውኃ ልኩ የተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ጠረጴዛው ካዘመመ ጫናው ወደ አንድ ጎን ያደላና መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ማሞቂያው 50 ዋት ይበቃል፤ ክፍሉ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ 75 ይሁን። የማሞቂያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ጋር ስለማይገጥም ለብቻው ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ማጣሪያው በሰዓት ከ250 እስከ 300 ሊትር የሚያዞር ይሁን። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያም በደንብ ያገለግላል፤ ፓምፑን ግን ከውኃው ወለል በላይ ያስቀምጡ፣ ወይም ቱቦው ላይ ውኃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ያስገቡ። አለዚያ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ክዳን፣ ውኃ መሳቢያ ቱቦ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ፣ ክሎሪን ማጥፊያና የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች (የውኃው አሲድነት ልክ) መመርመሪያ ፈሳሽ ይጨምሩ። መመርመሪያውን ለመቆጠብ ብለው አይተዉት፤ መርዙ በዓይን አይታይም፣ ጥርት ያለ ውኃም ሊገድል ይችላል።

ጠጠሩ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲወፍር 13 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ያለ ሳሙና፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይጠቡት። የሚያስገቡት ድንጋይ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላ ኖራ ስላለበት ፒኤቹን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል። ጠጠሩ ላይ ሳህን አስቀምጠው ውኃውን በሳህኑ ላይ ሲያፈሱ ጠጠሩ አይታመስም። ከሞላ በኋላ ክሎሪን ማጥፊያውን በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ። ማሞቂያውን ውኃው ውስጥ ካስገቡ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሶኬት ላይ ሰክተው 25 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ወደ ኤሌክትሪኩ አይደርስም።

ተክል አሁኑኑ ሊገባ ይችላል። ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፤ ወፍራም ግንዳቸው ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ግን ይበሰብሳል፣ ስለዚህ በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ይሰሯቸው። መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይብቃው፤ ከዚያ ካለፈ አልጌ መስታወቱን ይሸፍነዋል።

አሁን ባክቴሪያውን መመገብ ነው። ሽቶም አረፋም የሌለው አሞኒያ በጥቂቱ ጨምረው ምርመራው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ሲያሳይ ያቁሙ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ይመርምሩ፣ አሞኒያው ሲያልቅ መልሰው ይጨምሩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይቀንሳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል፤ ናይትራይቱ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ረጅሙና ትዕግሥት የሚፈትነው ነው። ውኃው ወተት መስሎ ቢደፈርስ አይቀይሩት፣ በራሱ ይጠራል። ጤነኛ ከሆነ የቆየ ገንዳ ሳይደርቅ የመጣ ስፖንጅ ካገኙ ጊዜው በጣም ያጥራል። የጨመሩት 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው ደርሷል ማለት ነው። የተጠራቀመው ናይትሬት እንዲወጣ ግማሹን ውኃ ይቀይሩና ወደ ዓሣው ይሂዱ።

ዓሣውን ለውኃዎ ይምረጡ እንጂ ውኃውን ለዓሣው ለመለወጥ አይድከሙ። ፒኤቹ ከ7 በላይ ለሆነ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) ውኃ ጋፒና ፕላቲ ይስማማሉ፤ ለለስላሳ ውኃ ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ይሻላሉ። ጋፒ ከወሰዱ ወንዶቹን ብቻ ይውሰዱ። ሴቷ ለብቻዋ ብትገባም ቀድማ በያዘችው ዘር ለወራት እየወለደች ገንዳውን ትሞላዋለች። ኒዮንና ኮሪዶራስ ቢያንስ 6 ሆነው ካልኖሩ ይፈራሉ፣ ይደበቃሉ። ኒዮን አዲስ ገንዳ ስለሚከብደው በመጨረሻ ይግባ። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ ተራው ፕሌኮም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሁለቱም ለዚህ ገንዳ አይሆኑም።

በመጀመሪያው ዙር 6 ዓሣ ያስገቡና ለሁለት ሳምንት እየመረመሩ ይቆዩ። መብራቱን አጥፍተው ከረጢቱን ሳይፈቱ ለ20 ደቂቃ ውኃው ላይ ያንሳፍፉት፤ ከዚያ ፈትተው በየ5 ደቂቃው ከገንዳው ትንሽ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት። ዓሣውን በመረብ ያውጡ፣ የከረጢቱን ውኃ ወደ ገንዳው አያፍሱ።

በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ምግብ ይበቃል። በየሳምንቱ 15 ሊትር ያህል ከጠጠሩ ውስጥ ቆሻሻውን እየሳቡ ያውጡና ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ፣ ክሎሪኑ በጠፋ ውኃ ይተኩት፤ ከዚያ በፊት ማሞቂያውን ይንቀሉ። ስፖንጁን ባወጡት የገንዳ ውኃ ውስጥ ይጭመቁት። በቧንቧ ውኃ ከታጠበ ክሎሪኑ ለወር ያሳደጉትን ባክቴሪያ ይፈጀዋል፣ ዓሣውም በማግስቱ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አየር ሲቃትት ያገኙታል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ይመርምሩ፤ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከታየ ወዲያው ግማሹን ውኃ ይቀይሩ፣ ሁለት ቀን ምግብ ያቁሙ፣ ንባቡ ዜሮ እስኪሆን በየቀኑ እየመረመሩ ይድገሙት።